የቅፍለት የመጀመሪያው አዳር፦ ከካርቱም ደጃፍ እስከ መተማ ጎዳና

(የመክፈቻ ዜማ፤ ክራር ብቻ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ድምፁ ይለዝባል።)

ተናጋሪ፦  

የዛሬው ነገራችን ስለ ጉዞ ነው። ስለ መድረሻው ብዙ ጊዜ ተነግሯል፤ በመንገድ ስለሚታየው ድንቅም ብዙዎች ጽፈዋል፤ እኔ ግን ዛሬ ላወያያችሁ የምወደው፥ ሰው የለመደውን ቤቱን ትቶ፥ ጠባዩን ከማያውቀው እንስሳና ስሙን ገና ካልያዘው ባልንጀራ ጋር በአንድ ቅፍለት ውስጥ ተጨምሮ፥ የመጀመሪያዎቹን ሁለትና ሦስት ቀናት እንዴት አድርጎ ኑሮውን እንደሚያደላድል ነው።

ቦታችንም ካርቱም ናት። ከሰከላ ምንጭ ተነሥቶ፥ ጣናን አቋርጦ፥ ጎጃምን እንደ መቀነት ዞሮ ወደ ቆላ የሚወርደው ዐባያችን ከነጭ ዐባይ ጋር የሚገናኘው በዚህች ከተማ ነው። ከተማይቱ ራሷ በመጀመሪያ የጦር ሰፈር ነበረች፤ የግብፁ ገዥ የመሐመድ አሊ ሠራዊት እ. ኤ. አ. በ1820ዎቹ በሁለቱ ወንዞች መካከል ሰፍሮ ቆረቆራት። ከዚያ በፊት የቅፍለት መንገዶች የሚገናኙት በሰናርና በሸንዲ ገበያ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ወደ ምዕራብ ሙጫ ወደሚመጣበት ወደ ኤል ኦቤይድ፥ ወደ ሰሜን በባዩዳ በረሓ ወደ ዶንጎላ፥ ወደ ምሥራቅ ደግሞ በገዳሪፍ በኩል ወደ እኛው መተማ የሚሄደው መንገደኛ ሁሉ ከካርቱምና ከወንዙ ማዶ ካለችው ከኦምዱርማን ይነሣ ጀመር።

እንግዲህ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ብዙ ቀን የሚያስኬድ በረሓ ከፊቱ ያለበት ቅፍለት፥ ከከተማው በወጣበት በመጀመሪያው ቀን ምን ያህል መንገድ የሚሄድ ይመስላችኋል? ግማሽ ቀን? ሙሉ ቀን? ወይስ ቀንና ሌሊት? ክራሩ እስኪያበቃ ድረስ እናንተው አስቡበት።

(ክራር፤ ጥቂት ሰኮንድ።)

ተናጋሪ፦ መልሱ ብዙዎቻችሁን ሳያስደንቅ አይቀርም። መንገዱን የሚያውቅ የቅፍለት መሪ በመጀመሪያው ቀን እጅግ ጥቂት ይሄዳል። ከቀትር በኋላ ጭኖ ይነሣና፥ ፀሐይ ሳትጠልቅ፥ የከተማው ጢስ ከኋላ ገና እየታየ፥ የውሾቹም ጩኸት እየተሰማ፥ ጭነቱን አራግፎ ይሰፍራል። ያልገባው ሰው ይህን አይቶ፥ «ምነው፥ ለዚህስ ከቤታችን አድረን ማልደን ብንነሣ አይሻልም ነበርን?» ይላል። አይሻልም። ምክንያቱን ልግለጽ።

ቅፍለት በገበያ መካከል አይሠራም። በገበያው የሚሰበሰቡት ግመሎች ከልዩ ልዩ መንጋ የመጡ ናቸው፤ ሰዎቹም ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ናቸው፤ ገመዱም፥ ኮርቻውም፥ የውኃው ስልቻም ትናንት የተገዛ ነው። እነዚህ ሁሉ አንድ አካል የሚሆኑት አንድ ጊዜ ተጭነው፥ ጥቂት ተጉዘው፥ ተራግፈው፥ አንድ ሌሊት በሜዳ አድረው፥ እንደገና ሲጫኑ ነው። በዚያች አጭር ጉዞ ውስጥ የላላው ገመድ ይታወቃል፤ ወደ ግራ ያዘነበለው ጭነት ይታወቃል፤ ሲጫን የሚጮኸውና የሚነክሰው ግመል ይታወቃል፤ ጨው ወይም ክብሪት የረሳው ሰውም ራሱን ያውቃል። በመጀመሪያው አዳር ጨው የተረሳ እንደ ሆነ አንድ ብላቴና ወደ ገበያ ሮጦ ያመጣዋል። በአራተኛው ቀን ግን ማን ይሮጣል? ወዴትስ ይሮጣል?

ደግሜ ልበለው፥ አድማጮቼ፤ የመጀመሪያው ቀን ለመማሪያ እንጂ ለመንገድ የተሰጠ አይደለም። የመጀመሪያው ቀን ለመማሪያ ነው።

መጽሐፍ ቅዱስን የምታነብቡ አንድ ነገር አስታውሱ። በኦሪት ዘጸአት እንደ ተጻፈው፥ እስራኤል ከግብፅ ሲወጡ ሊጡ ሳይቦካ ተሸክመው እስኪወጡ ድረስ የተቻኰሉ ነበሩ፤ ነገር ግን ከራምሴ ተነሥተው በሱኮት ሰፈሩ፥ ከሱኮትም ተነሥተው በምድረ በዳው ዳር በኤታም ሰፈሩ እንጂ በአንድ ትንፋሽ ወደ በረሓው አልገቡም። ያን ያህል ተቻኩሎ የወጣ ሕዝብ እንኳ ከበረሓው ደጃፍ ቆም ማለቱ፥ እንደ እኔ አስተያየት፥ መንገደኛ ሁሉ ሊያስበው የሚገባ ነገር ነው።

(የግመል ድምፅ፤ ከሩቅ። ይጠፋል።)

ተናጋሪ፦ ይህን ሥርዓት መተው ምን እንደሚያስከትል የካርቱም ታሪክ ራሱ በሁለት ምሳሌ ያስረዳናል። የመጀመሪያውን በአጭሩ እነግራችኋለሁ። እንግሊዛዊው ጀኔራል ጎርዶን በሱዳን ዐመፅ መሪ በመሐዲው ሠራዊት በካርቱም ተከቦ ሳለ፥ እ. ኤ. አ. በ1884 መጨረሻ ላይ የእንግሊዝ ጦር እርሱን ለመርዳት በዐባይ ዳር ካለችው ከኮርቲ ተነሥቶ የባዩዳን በረሓ በግመል ሊያቋርጥ ወጣ። ከወታደሮቹ ብዙዎቹ በአገራቸው ፈረሰኞች ነበሩ እንጂ ግመልን የሚያውቁ አልነበሩም። ግመሎቹም ለጭነቱ ስለማይበቁ ያንኑ መንገድ ሁለት ጊዜ እንዲመላለሱ ተደረገ፤ ግመል ሳይበላና ሳይጠጣ ያለ ወሰን የሚሄድ ፍጥረት ነው ተብሎ ስለ ታሰበም በረኃብና በድካም በየመንገዱ ወደቁ። ከተማይቱ እ. ኤ. አ. ጥር 26 ቀን 1885 ወደቀች፤ ለርዳታ የተላኩት መርከቦች የደረሱት ከሁለት ቀን በኋላ ነው። የከተማይቱ መውደቅ ብዙ ምክንያት አለው፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ግን ያ የግመል አያያዝ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ የራሳችን ስለ ሆነ ጥቂት ልቆይበት።

በ1932 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከስደት አገራቸው ከእንግሊዝ ተነሥተው ካርቱም ገቡ። ስድስት ወር ያህል በዚያ ሲቆዩ፥ ስደተኞች ኢትዮጵያውያን በዙሪያቸው ተሰበሰቡ፤ «ባንዲራችን» የተባለው ጋዜጣም በካርቱም እየታተመ ወደ አርበኞች ይላክ ጀመር። ከዚያም ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም.፥ በጥምቀት ማግሥት፥ በቃና ዘገሊላ ዕለት፥ ንጉሠ ነገሥቱ በኡም ኢድላ በኩል ድንበሩን ተሻግረው የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ በገዛ አፈሯ ላይ ሰቀሉ።

በዚያ ዘመቻ ጥይቱን፥ ምግቡንና የማርያ ቴሬዛውን ብር የሚሸከም ምን ነበር? መኪናው ቆላውን አልቻለም፤ ስለዚህ ከሱዳን ሜዳዎች የተሰበሰቡ ዐሥራ አምስት ሺህ ያህል ግመሎች ነበሩ። እነዚህ ግመሎች የአሸዋና የሜዳ ፍጥረቶች ናቸው። መዳፋቸው ለስላሳ ነው፤ የለመዱት ቅጠል የኮርዶፋን ቅጠል ነው፤ የሌሊቱንም ብርድ በጎጃም ደጋ ልክ አያውቁትም። ጦርነት ነበርና ጊዜ አልተገኘም፤ እንስሳው ከሰዉ ጋር፥ ጭነቱም ከእንስሳው ጋር ሳይለማመድ ወደ በላያ ተራራ፥ ከበላያም ወደ ጎጃም አቀበት ተነዱ። ከአቅም በላይ እየተጫኑ፥ በስለታም ድንጋይ እየቆሰሉ፥ የማያውቁትን ቅጠል እየበሉ በሺህ የሚቈጠሩት አለቁ፤ ከኋላ የሚመጣው ቅፍለት መንገዱን ያገኝ የነበረው የፊተኞቹን በድን እየተከተለ ነው። አዲስ አበባ የደረሱት እጅግ ጥቂቶች ነበሩ።

ሚያዝያ 27 ቀን የነጻነታችን በዓል ነው፤ አርበኞቻችንን በዚያ ቀን እናስባለን፤ ማሰባችንም የተገባ ነው። እኔ ግን ከኡም ኢድላ እስከ ጎጃም አፋፍ የወደቁትን እነዚያን ዲዳ ተሸካሚዎች ጭምር ልናስባቸው ይገባል እላለሁ፤ የነጻነታችንን ስንቅ በጀርባቸው አድርሰው ነውና የሞቱት።

(ክራር፤ ረጋ ያለ። ድምፁ ይቀንሳል።)

ተናጋሪ፦ አሁን ደግሞ በመተማ መንገድ ይመላለሱ ወደ ነበሩ ሌሎች ሰዎች እንሻገር፤ ወደ ሲራራ ነጋዴዎቻችን። ቡናውን፥ ሰሙን፥ ዝባዱን፥ ወርቁን ከደቡብ አምጥተው በጎጃም በባሶ ገበያ በኩል አልፈው፥ ጎንደር አርፈው፥ በጭልጋና በወህኒ ወደ መተማ የሚወርዱ፥ የረጅም መንገድ ሊቃውንት ነበሩ። በእነዚያው ቅፍለቶች ውስጥ ለባርነት የሚነዱ ወገኖቻችንም እንደ ነበሩ መሰወር አይገባም፤ ለእነርሱ የቅፍለት የመጀመሪያ ሌሊት ከእናት ከአባት የመለያ ሌሊት ነበር፤ ይህን ሳይናገሩ ስለ ሲራራ ማውራት እውነቱን ማጉደል ነው።

ነጋዴዎቹ ያወቁት ታላቅ ጥበብ ምን ነበር? ደገኛው በቅሎ በቆላ እንደሚደክም፥ ቆለኛውም ግመል አቀበት እንደማይችል ተረድተው፥ በመተማ ጭነቱን ከበቅሎ ወደ ግመል ያዛውሩ ነበር። እነርሱ መተማን የሚያዩት የጉዞአቸው አጋማሽ አድርገው አልነበረም፤ ሌላ ጉዞ እንደ ገና የሚጀመርበት ቦታ አድርገው ነበር እንጂ። ስለዚህ በዚያ ይቆያሉ፤ አዲሶቹን እንስሳት ይመረምራሉ፤ ከአዲሱ መሪ ጋር ይስማማሉ፤ ዝናቡም የቆላውን ንዳድ ስለሚያባብሰው በበጋ እንጂ በክረምት አይነሡም። በ1933 ዓ.ም. ጊዜ ያላገኘነው ለዚሁ ማረፊያ ነው።

(አጭር ዝምታ።)

ተናጋሪ፦ እንግዲህ፥ የተከበራችሁ አድማጮች፥ በመጀመሪያው ሰፈር የሚሠራው ሥራ ምንድን ነው? ጥቂቱን ልንገራችሁ።

ከሁሉ በፊት ቦታ ይወሰናል። የሱዳን ሰዎች የቅፍለቱን መሪ ኸቢር ይሉታል፤ መንገዱን፥ ጉድጓዱንና ከዋክብቱን የሚያውቅ ሽማግሌ ነው። ኸቢሩ በመጀመሪያው ማታ የያንዳንዱ ሰው ጭነት የት እንደሚወርድ ያሳያል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ መጨረሻው ሰፈር ድረስ ያ ጭነት በዚያው ተራ ይወርዳል። በጨለማ ገመድ የሚፈልግ ሰው እጁን ወዴት እንደሚዘረጋ ያውቃል፤ ንጋት ላይም ሲጫን ሰው ከሰው ጋር አይጋፋም። የተራገፈውም ጭነት በነፋሱ ትይዩ ተደርድሮ ግድግዳ ይሆናል፤ እሳቱም እንቅልፉም ከግድግዳው ጀርባ ነው። በገዳማት ሥርዓት ያደገ ሰው ይህን ወዲያው ይለምደዋል፤ ለሁሉም ሰዓትና ቦታ አለውና።

ቀጥሎ ውኃ ነው። ከፍየል ሌጦ የተሠራውን የውኃ ስልቻ በሱዳን ግርባ ይሉታል። አዲስ ግርባ ያንጠባጥባል፤ ውኃውንም ያመርራል። ስለዚህ ዘላኖቹ ከበረሓ ቅል ፍሬ በሚያወጡት ጥቁር ዝፍት ይቀቡታል፤ በመጀመሪያው ሌሊትም ከፍ አድርገው ሰቅለው ያንጠባጠበውን ይመለከታሉ። ግርባን በባዶ አሸዋ ላይ ማስተኛት ክልክል ነው፤ አሸዋው ይመጠዋልና። ሙሉ ቀን በከተማ ውኃ አጠገብ ያንጠባጠበ ግርባ ምንም አይጎዳም፤ በረሓ መካከል የሚያንጠባጥብ ግርባ ግን የሰው ሕይወት ያስከፍላል።

ግመልስ? ግመል ለብዙ ቀን ውኃ ሳይጠጣ ይሄዳል ሲባል ሰምታችኋል፤ እውነት ነው። ነገር ግን በሻኛው የሚይዘው ስብ ነው እንጂ ውኃ አይደለም፤ ጥሙን የሚችለውም ከመነሣቱ በፊት እስኪጠግብ ከጠጣ ነው። የተጠማ ግመል በዐሥር ደቂቃ ያህል መቶ ሊትር መጠጣት ይችላል፤ ስለዚህ ከወንዝ ዳር ሲነሡ ለመጠጫው ጊዜ ይሰጠዋል፤ አይጣደፍም።

ከዚያ የእንስሳቱ ጀርባ ይታያል። ጭነቱ በግራና በቀኝ እኩል ካልሆነ ኮርቻው ይፋቃል፤ የተፋቀው ቆዳ በማግሥቱ ይቆስላል፤ ገጣባ ከሆነ በኋላ ደግሞ በጉዞ ላይ አይድንም። ስለዚህ በየማታው፥ ሰው ራቱን ሳይበላ፥ የእንስሳው ጀርባ በእጅ ይዳሰሳል። በየማታው እላለሁ፤ ከመጀመሪያው ማታ ጀምሮ።

ጭነቱም የሚቀልለው በዚሁ ሰፈር ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ እ. ኤ. አ. በ1771 መጨረሻ ከጎንደር ተነሥቶ በሰናር በኩል ወደ ግብፅ ሲሄድ፥ አስዋን ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ግመሎቹ ስለ ወደቁበት የብዙ ዘመን ድካሙን፥ መጻሕፍቱንና መሣሪያዎቹን በበረሓ ጥሎ በእግሩ ለመሄድ ተገደደ። እርሱስ ከአስዋን ግመል ተውሶ ተመልሶ አገኛቸው። ይህን ዕድል የሚያገኝ ግን ብዙ አይደለምና፥ የሚተወውን ነገር በከተማው ደጃፍ መተው ይሻላል።

(ክራር፤ አጭር።)

ተናጋሪ፦ ስለ ስንቅ ደግሞ የሚያስደስት ነገር አለ። ሱዳናውያን ከማሽላ የሚጋግሩትን ስስ ኪስራ አድርቀው፥ አብሬ ብለው፥ ለመንገድ ይይዙታል፤ በውኃ ሲበጠበጥ መጠጥም ምግብም ይሆናል። እ. ኤ. አ. በ1862 ከመተማ ተነሥቶ በራሃድ ወንዝ በኩል ካርቱም የገባው እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከርም ስለዚህ ስንቅ ጽፏል። እናቶቼ፥ ይህ ከእናንተው ድርቆሽ በምን ይለያል? የወንዙ ላይኛውና ታችኛው ሰው ሳይማከር አንድ ጥበብ አግኝቷል። በሶውም፥ ጭብጦውም፥ ቆሎውም ከዚሁ ወገን ነው፤ እሳት ሳይፈልግ የሚበላ ምግብ ለመጀመሪያው ሌሊት እጅግ ይረዳል፤ እንጨት ፍለጋ ገና አልተለመደምና።

የሰዎቹስ ነገር? ከእንስሳውም ከዕቃውም ይልቅ የሚከብደው ይህ ነው። በመጀመሪያው ሌሊት ብዙ ሰው እንቅልፍ አይወስደውም፤ ምድሩ ይቈረቍራል፤ ግመሉ ሌሊቱን ያመሰኳል፤ ሐሳብም ወደ ቤት ይመለሳል። በሁለተኛው ቀን ሰውነት ይዝላል፤ በሦስተኛው ቀን ቁጣ ይመጣል። የቅፍለት ሽማግሌዎች ይህን ስለሚያውቁ፥ ከመጀመሪያው ማታ ጀምሮ ሁሉም ከአንድ ገበታ እንዲበላ ያደርጋሉ፤ ውኃውም ለሁሉ በአንድ ጣሳ ይሰፈራል። ከአንድ ሰሐን የበሉ ሰዎች በሦስተኛው ቀን ቢቈጡም አይለያዩም። የኸቢሩም ቃል በዚያ ጊዜ ሁሉ ሕግ ነው፤ የሚጠየቅና የሚመከር ቢሆንም፥ ከወሰነ በኋላ አይሻርም።

(አጭር ዝምታ።)

ተናጋሪ፦ «ይህ የግመል ዘመን ነገር ነው፤ እኛ በአውቶቡስ ነው የምንሄደው» የምትሉ አላችሁ። እውነት ነው፤ ዛሬ ከካርቱም ወደ ገዳሪፍና ወደ መተማ የሚወስደው የአስፋልት መንገድ ነው። ነገር ግን ጠንቃቃ የጭነት መኪና ነጂ ከከተማ በወጣ በመጀመሪያው ሰዓት ቆሞ ገመዱን ሲያጠብቅና ጎማውን በእግሩ ሲመታ አላያችሁምን? የሚያደርገው የግመለኛውን ሥራ ነው። የግመሉም ጉዞ ቢሆን እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ አላለፈም ነበር፤ ከኮርዶፋንና ከዳርፉር ተነሥተው በዶንጎላ በኩል ወደ ግብፅ ገበያ ወደ ደራው ይነዱ የነበሩት መንጋዎች በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቀስ ብለው ይሄዱ ነበር፤ እርስ በርሳቸው እስኪለማመዱ ድረስ በሌሊት የፊት እግራቸው ታጥፎ ይታሰር ነበር።

አንድ ነገር ግን በኀዘን መጨመር አለብኝ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ከተነሣ ወዲህ፥ ብዙ ወገኖቻችን ከብዙ ሱዳናውያን ጋር ስንቅ ሳይሰንቁ፥ ዕቃ ሳይመርጡ፥ ሕፃን ታቅፈውና ሽማግሌ ደግፈው በዚሁ መንገድ ወደ መተማ መጥተዋል። ለእነርሱ የመጀመሪያ ሰፈር የሚባል ነገር አልነበረም። በእንዲህ ያለ ጊዜ የመንገዱ ዳር ነዋሪ ያ የመጀመሪያ ሰፈር ይሆንላቸው ዘንድ ይገባል፤ ውኃ የሚሰጥ፥ ጥላ የሚያሳርፍ፥ የቀረውን መንገድ በእውነት የሚነግር።

(የመዝጊያ ዜማ ከሥር ይጀምራል።)

ተናጋሪ፦ አድማጮቼ፥ በመካከላችሁ አባቱ ወይም አያቱ በመተማ ጎዳና በሲራራ የነገደ፥ ወይም በ1933 ዓ.ም. ከግመሎቹ ጋር የተጓዘ፥ ወይም እርሱ ራሱ ከካርቱም በዚያ መንገድ የመጣ ሰው ቢኖር፥ የመጀመሪያው አዳር የት እንደ ሆነ፥ ምን እንደ ተበላ፥ ምንስ እንደ ተረሳ ጽፎ ይላክልን። ሽማግሌዎቹ ሳያልፉብን ዛሬውኑ ጠይቋቸው። የደረሱንን ደብዳቤዎች በሚመጣው ሳምንት በዚሁ ሰዓት እናነብባለን። ደኅና ሰንብቱልኝ።

(ዜማው ከፍ ይላል፤ ያበቃል።)